ባሕር ለማየት የወጣን ቀን

ባለፈው ወር ልጄ ሀያት ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ከሶስና ጋር ዛንዚባር ደርሳ ለመመለስ ተነሣች። ጉዞው የሁለት ሳምንት ነው። ከሚሴ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሀያት ልብሷን እየጠቀለለች ቦርሳዋ ውስጥ ስትጠቀጥቅ አያለሁ። ሶስና ማዶ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጎንበስ ብላ ነው ሰላምታ የምትሰጠው፤ የቀረበላትን ሳትግደረደር ትበላለች። እኔ ግን ዐይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። የማን ልጅ ናት? ምን አለ ስልኳ ላይ እንዲህ የሚያስቸኩል? ሀያትን ወደ ጓዳ ጠራኋትና ድምፄን ቀንሼ፣ "ይህቺን ልጅ ምን ያህል ታውቂያታለሽ?" አልኳት።

ሀያት ሳቀች። "አባ፣ አራት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረናል እኮ። አንተ ግን ሰው ማመን አትችልም ልበል?"

ወደ በረንዳው ተመልሼ ተቀመጥኩና ሁሴንን አሰብኩ።

ሁሴን የሰንበቴ ከተማ ልጅ ነው። አባቱ ከአፋር ቆላ የሚመጡ ግመሎችና ፍየሎችን እየገዙ ለደጋ ሰው የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ሁሴን አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፤ አፋርኛውን ደግሞ ገበያ ሲውል ከአባቱ ደንበኞች ለምዶታል። ከሚሴ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን አብረን ማስተማር ስንጀምር ሁለታችንም ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላንም። እኔ ሂሳብ፣ እሱ ጂኦግራፊ። ቀይ ባሕርን ሰሌዳው ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ይሥልና ከክፍል ሲወጣ እጁን እያራገፈ ይስቃል። "አጃኢብ እኮ ነው ሙሄ! ባሕር አይቼ ሳላውቅ ባሕር አስተምራለሁ።"

አንድ ቀን ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ሁለት ፈረንጆች ጎማ እስኪቀየርላቸው ቆመው አየን። ቁመታቸውን የሚያህል ቦርሳ ጀርባቸው ላይ አዝለዋል። ሁሴን ሄዶ አናገራቸው። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። "ምንም ሥራ የላቸውም። ዘመድም የላቸውም። ለማየት ብቻ ነው የሚዞሩት" አለኝ። ከዚያ፣ "እኛስ? ጥር ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጅቡቲ ሄደን ባሕር አይተን ብንመለስ ማን ይከለክለናል?" አለ።

የከለከለን የለም፤ ያመነንም ግን የለም። ፓስፖርት ስናወጣ፣ ቪዛ ስንጠይቅ፣ ከኮምቦልቻ ቦንዳ ተራ ሁለት የጀርባ ቦርሳ ስንገዛ፣ የሰማ ሁሉ "ለምን?" ይለናል። "ለማየት" ስንል ጠቀስ አድርጎን ያልፋል። ርዕሰ መምህራችን ፈቃድ የሰጠን እርስ በርሳችን ዋስ ከሆንን በኋላ ነው። እሱ ባይመለስ እኔ ከሥራዬ ልባረር፣ እኔ ባልመለስ እሱ ሊባረር፣ ፈረምን። ለእናቴ ከነገርኳት በኋላ ልብስ ሰፊው አጎቴ ሱቁ አስጠራኝ። የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ ቀና ሳይል፣ "የሁሴን ታላቅ ወንድም በየት እንደሄደ ታውቃለህ?" አለኝ።

አውቃለሁ። ከድርን ሰንበቴ የማያውቀው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደብ በጀልባ ተሻግሬ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ። ከባሕሩ ዳር ሆኖ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

"ታናሽየውም በዚያው ነው" አለኝ አጎቴ። "ሁለት መምህር፣ የፈቃድ ደብዳቤ የያዘ፣ ማን ይጠረጥረዋል? አንተን መሸፈኛ አድርጎህ ነው። እሱ ይሻገራል፤ አንተ ደመወዝህን ተነጥቀህ ትመለሳለህ።"

አጎቴን ተቆጥቼው ወጣሁ። ንግግሩ ግን ሱቁ ውስጥ አልቀረም፤ ተከትሎኝ ቤት ገባ።

የሄድነው በጥር መጨረሻ ነው። ሁሴን ከዋዜማው እናቱን ተሰናብቶ ከሰንበቴ መጥቶ እኛ ቤት አደረ። ሱብሒ ሰግደን፣ እናቴ ያቀረበችልንን ትኩስ ቂንጬ በልተን ወጣን። ደጃፉ ላይ ቦርሳውን ላግዘው ብዬ ማንገቻውን ስይዝ ክንዴ ወደ ታች ተጎተተ። የእኔ ቦርሳ ሁለት ሸሚዝና አንድ ጋቢ ነው ያለው። የእሱ ድንጋይ የታጨቀበት ይመስላል።

"ተወው፣ ተወው" ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ።

"ምን ጭነህበት ነው?"

"መጽሐፍ" አለ።

ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ አጥራቸውን ተደግፈው "ነጋን ገላ!" ብለው መረቁን፤ በሰላም ግቡ ማለታቸው ነው። እኔ "አሚን" ስል ሁሴን ዝም አለ። ወይም ዝም ያለ መሰለኝ። ያን ቀን የመሰለኝንና የሆነውን መለየት ያቃተኝ ገና ከዚያ ጀምሮ ነበር።

አውቶቡሱ ከከሚሴ ወጥቶ የጨፋን ሜዳ ሲይዝ ፀሐይ ገና ከቆላው በኩል እየወጣች ነው። ማሽላው ታጭዷል፤ አገዳው በየማሳው ተከምሮ ቆሟል። ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ረግረግ ላይ ከአፋር ለግጦሽ የወጡ ከብቶች ጭጋግ ውስጥ ቀንዳቸው ብቻ ይታያል። በየዓመቱ የማየው ነገር ነው። ያን ዕለት ግን ሁሴን ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ዐይኑን ሳያርገበግብ ሲያይ ሳየው፣ "ይሄ ሰው እየተሰናበተ ነው" አልኩ በሆዴ። የሌላው መንገደኛ ዕቃ ጣሪያ ላይ ሲጫን እሱ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አቅፎታል። መጽሐፍ እንዲህ ይታቀፋል?

ኮምቦልቻ ወርደን ወደ ወደብ ባዶውን የሚወርድ ተሳቢ አገኘን። ሾፌሩ ጠና ያለ የደሴ ሰው ነው፤ ጋቢናውን ከፍቶልን ቦርሳዎቻችንን ገመገመ።

"ለሥራ ናችሁ?"

"የለም፣ ባሕር ልናይ ነው" አልኩ።

"ባሕር ልታዩ" ብሎ ደገመው ሾፌሩ፣ ሞተሩን እያስነሣ። "እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳመላልስ ባሕር ልይ ብሎ ወጥቶ በዚያው ተሻግሮ የቀረ ስንቱን አይቻለሁ። ለማንኛውም ኬላ ላይ ከተያዛችሁ አላውቃችሁም።"

ሁሴን ፈገግ አላለም። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ንግግር ይዞ እስከ ማታ ያስቀን ነበር።

ባቲ ስንደርስ ሙቀቱ ጀምሯል። ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ፤ እኛ ምሳ ፍለጋ ገባን። የፍየል ጥብስ በሚጥሚጣ፣ ከጎኑ አንድ ጣሳ የግመል ወተት ቀረበልን። ወተቱ የጭስ ጣዕም ነበረው፤ እስከ ዛሬ የግመል ወተት ስጠጣ ያ ገበታ ይመጣብኛል። ሁሴን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተነሣ። "ዙሁር ሰግጄ ልምጣ" አለ። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ዙሁር እኮ ገና ነው። አዛንም አልተባለም።

ጥቂት ቆይቼ ተከተልኩት። ከመስጊዱ አጥር ጥግ፣ የግራር ጥላ ሥር፣ ጩቤ ከታጠቀ አንድ ሽማግሌ የአፋር ነጋዴ ጋር ቆሟል። ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ያሳየዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ፀሐዩ ዞር አድርጎ ያይና ይመልስለታል። የሚያወሩት በአፋርኛ ስለሆነ ቃል አልያዝኩም፤ አንድ ቃል በስተቀር። ሽማግሌው በበትሩ ወደ ምሥራቅ እየጠቆመ "ኦቦክ" አለ።

የእኛ ዕቅድ ውስጥ ኦቦክ አልነበረም። ጅቡቲ ከተማ ሁለት ሦስት ቀን፣ ከዚያ መመለስ ነበር ዕቅዱ። ሁሴን ሲያየኝ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና፣ "የአባቴ ደንበኛ ነው፤ ሰላም ልበለው ብዬ ነው" አለ። ሳልጠይቀው ነው ይህን ያለኝ። ያልተጠየቀ ሰው ሲመልስ ምን ይባላል?

ከባቲ በታች ያለውን መንገድ አላየሁትም ማለት ይቻላል። ተራሮቹ ወደ ኋላ ቀርተው ምድሩ እየተዘረጋ፣ ከመንገዱ ዳር ጥቁር ድንጋይ እየበዛ፣ በጋቢናው መስኮት የሚገባው ንፋስ የምድጃ ትንፋሽ እየሆነ መጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሬ ልወጣ የምጓዝበት መንገድ ነው፤ ሁሉን ልይ ብዬ የወጣሁበት። የማየው ግን ሁሴንን ብቻ ነበር። ሚሌ ኬላ ላይ ግንባሩ በላብ ሲርስ አየሁ። እኔም ላብ በላብ ነበርኩ፤ የእኔን ግን የሙቀት ነው አልኩት። ሰመራን ስናልፍ ሾፌሩን፣ "ከድንበሩ ወዲያ ኦቦክ የሚሄድ መኪና የት ይገኛል?" ብሎ ቀስ ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ። የተኛሁ መስዬ ነበር። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ "ጓደኛህ ያውቃል?" አለው። ሁሴን ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

አጎቴ ልክ ነበር ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ የተሣለው ሰማያዊ ባሕር፣ የፈረንጆቹ ቦርሳ፣ "ማን ይከለክለናል" ያለው ሁሉ ለዚህ ነበር። የሁለታችንን ፓስፖርትና ደብዳቤ በአንድ ፌስታል አድርገን እሱ ዘንድ አስቀምጠን ነበር። ውኃ ልንጠጣ ስንወርድ "ፓስፖርቴን ስጠኝ፣ እኔው ልያዘው" አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አወጣና ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ፊቴን ትንሽ አየት አደረገ።

ጋላፊ የደረስነው ዐስር ካለፈ በኋላ ነው። ተሳቢዎች እንደ ግመል ቅፍለት ተሰልፈዋል። የእኛ አገር መውጫ ኬላ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉን የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ከፍሎታል። ሾፌራችን እንዳለው አላውቃችሁም ብሎ ወረቀቱን ማኅተም ሊያስመታ ሄደ። ተረኛው ኦፊሰር ጠይም፣ ዐይኖቹ ከአቧራና ከእንቅልፍ ማጣት የቀሉ ሰው ነበር። ቦርሳዎቻችንን አየ፤ ዕድሜያችንን አየ። "አንድ በአንድ" አለ።

መጀመሪያ ሁሴን ገባ። እኔ ውጭ ጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ እሱን ከግድግዳው ወዲያ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡትና እኔ ተጠራሁ።

ኦፊሰሩ የፈቃድ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበ። "መምህር ነህ?"

"አዎ።"

"ምን ልትሠራ ነው?"

"ባሕር ለማየት።"

"ትመለሳለህ?"

"እመለሳለሁ።"

ብዕሩን አስቀመጠና ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ጓደኛህስ? ይመለሳል?"

ይህ ጥያቄ ስንት ሰከንድ እንደወሰደብኝ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ዝንብ ነበረች። ሁሴን በወባ ተይዤ ሳለሁ ሁለት ሳምንት የእኔን ክፍል ጨምሮ ያስተማረ ሰው ነው። እናቴ ከእኔ በላይ የምትወደው ሰው ነው። "ይመለሳል" ማለት አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ሌላ አንድ ቃል አልኩ።

"እንጃ።"

ኦፊሰሩ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠበቀውን ያገኘ ሰው አነቃነቅ ነው። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ "የሚገርም ነው" አለ። "ስለ አንተ ስጠይቀው፣ ባይመለስ እኔን እሰሩኝ ብሎ በአላህ ስም ማለልኝ።"

ወዲያው በግድግዳው በኩል፣ "ና አንተ! ቦርሳህን ይዘህ ና!" ብሎ ተጣራ።

ሁሴን ገባ። ፊቴን አላየም። ኮምፔንሳቶው ስስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ ሰው የማይሰማው ነገር አልነበረም። ኦፊሰሩ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አስዘረገፈው። አንድ ሸሚዝ ወጣ። አንድ አዲስ፣ ገና ከእጥፋቱ ያልተፈታ ሽርጥ። ከዚያ አፉ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ። በመጨረሻ በላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት ክምር።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ኦፊሰሩ ቆርቆሮውን እያንኳኳ።

"ጭኮ ነው። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት።"

"የማን?"

"እናቴ ለወንድሜ የላከችለት ነው። ሽርጡም የእሱ ነው።"

"ወንድምህ የት ነው?"

"የት እንዳለ ልጠይቅ ነው የምሄደው" አለ ሁሴን። ድምፁ አልተለወጠም። "ሦስት ዓመት ሆነው። እናቴ፣ 'ብታገኘው እንዳይርበው' ብላ ነው።"

ኦፊሰሩ ላስቲኩን ፈታ። ወረቀቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የከድር ፎቶ ኮፒ ነው። ከሥሩ ስሙና የአባቱ ስም፣ "ያያችሁት በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ሰንበቴ ላሉት እናቱ ወሬ አድርሱ" የሚል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ ተጽፏል። ጽሕፈቱን አወቅሁት። ሰሌዳ ላይ የባሕሮችን ስም የሚጽፍበት ጥንቅቅ ያለ የሁሴን እጅ ነው።

ኦፊሰሩ ከክምሩ አንዷን ወረቀት መዘዘና የጠረጴዛውን መስታወት ጫፍ ከፍ አድርጎ ከሥሩ አስገባት። እዚያ ሥር እንደሷ ስም የተጻፈባቸው ሌሎች ሦስት ፎቶዎች ነበሩ፤ አንዷ የሴት ናት። ከዚያ ሁለቱም ፓስፖርት ላይ ማኅተም መታና "ሂዱ" አለ።

ከኬላው ወጥተን ወደ ድንበሩ ስንሄድ ጥላችን ረዝሞ ከፊታችን ወድቋል። ብዙ ከሄድን በኋላ ከጎኑ ደርሼ ጠየቅሁት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ እናትህ ትለቅህ ነበር? የጠፋ ሰው ፍለጋ ሂድ ትልህ ነበር?" ማንገቻውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። "ደግሞ ቢያንስ ከሁለታችን አንዳችን ባሕሩን ደስ ብሎት ይየው ብዬ ነው።"

"ሁሴን፣ እኔ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አንተ ግን ለምን አልጠየቅኸኝም?" አለኝ። ቆሞ ነበር። "ቀኑን ሙሉ ስታየኝ ዋልክ። ባቲ ላይ ተከትለህ መጣህ። መኪና ውስጥ የተኛህ መሰልክ። 'ሁሴን፣ ልትሻገር ነው ወይ?' ብትለኝ ምን ነበረበት?"

መልሴን አልጠበቀም። ማግሪብ ሳይደርስ ማደሪያ እንፈልግ ብሎ ቀደመኝ። የጉዟችን የመጀመሪያ ቀን እንዲህ አለቀ።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ኦቦክ ሄድን። ሁሴን ወረቀቶቹን በየሻይ ቤቱ፣ በየመስጊዱ፣ ጀልባ በሚጠብቁ ልጆች መሐል አደለ። በአምስተኛው ቀን ሻይ የምትሸጥ አንዲት የወሎ ሴት ፎቶውን አይታ፣ "ይሄንንስ አውቀዋለሁ፤ ሲስቅ ጥርሱ ክፍት ያለ ልጅ ነው። ንፋስ በበዛበት ሰሞን ተሳፈረ" አለች። ከዚያ ያለፈ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ሁሴን ቆርቆሮውን ለሴትየዋ ሰጣት፤ እሷም እየቆነጠረች ተራ ለሚጠብቁት ልጆች አካፈለቻቸው። ባሕሩን አየሁት። ሰማያዊ አልነበረም፤ ያን ዕለት ግራጫ ነበር። ትምህርት ቤት በተከፈተ ቀን ሁለታችንም በየክፍላችን ነበርን።

ሁሴን ስለ ጋላፊ ለማንም አልተናገረም። ለአጎቴ፣ ለእናቴ፣ ለመምህራኑ፣ ለማንም። እንደ ድሮው አብረን ሻይ ጠጣን፤ ስቀን ተጫወትን። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያገባ ግን ለኒካሑ ምስክር አድርጎ ያቆመው ሌላ ሰው ነው። እኔ ከተጋባዦቹ መሐል ተቀምጬ ሩዝ በላሁ። ደግ ሰው ስለሆነ ከዚህ የበለጠ አልቀጣኝም። ኋላም ማስተማሩን ትቶ ሰንበቴ የአባቱን ንግድ ያዘ፤ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን።

ሀያትና ሶስና የሄዱ ዕለት መኪና ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ሶስናን ጠጋ ብዬ፣ "ልጄ፣ ስልክሽን እንዲህ የምታይው በሰላም ነው?" አልኳት። ደንገጥ አለችና፣ "አባቴ ታሟል፤ ሐኪም ቤት ነው። ሂጂ ስላለኝ ነው እንጂ ልቤ እዚያው ነው" አለችኝ። እስክትሳፈር ድረስ ስለ አባቷ አወራን።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰንበቴ ወረድኩ። ሁሴንን ግመል ተራ አገኘሁት፤ ጢሙ ነጥቷል፤ ከአንድ ደገኛ ጋር ክርክር ላይ ነበር። እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ በዚያ አቧራ መሐል ቆመን፣ ያኔ ልለው ይገባኝ የነበረውን ነገርኩት። "እንጃ ማለት አልነበረብኝም። ይመለሳል ማለት ነበረብኝ። አፉ በለኝ" አልኩት።

ሁሴን በትሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ግመሎቹን አየ፤ ከዚያ እኔን።

"ሙሄ፣ የምን እንጃ ነው? ወላሂ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ" አለኝና ክንዴን ይዞ ወደ ሻይ ቤት ወሰደኝ።

እንዳልረሳው አውቃለሁ። ቢሆንም አመንኩት።